ኦርጅናል ነው ፎርጅድ? የድሮ ብር ማስመርመሪያ አማራጮች ሲነጻጸሩ

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ጠገራ ብር አይጠፋም። ማርያ ቴሬዛ ይኖራል፣ የምኒልክ ብር ይኖራል፣ ዕድል የቀናው ቤት ደግሞ የጃንሆይ ወርቅ ይገኛል። ወራሾቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ፍራንክፈርት ሆነው በስልክ ይከራከራሉ። ኦርጅናል ነው? ስንት ያወጣል? ማን ይየው?

አስተያየት ሰጪ ሞልቷል። ወርቅ ቤቱ በድንጋይ ፈትጎ ፍርዱን ይሰጣል። የጥንት ዕቃ ነጋዴው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄማ ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን «ለማንኛውም በስንት ትሰጠኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካ ያለው ዘመድ ደግሞ «ፒሲጂኤስ (የአሜሪካ ሳንቲም መርማሪና ደረጃ ሰጪ ድርጅት ነው) ካላሸገው ማንም አይገዛህም» ይላል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። ችግሩ ሁሉም የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስም ከመጥራታችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ። (ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛ፣ ጥያቄያችሁ የቱ ነው? «ፎርጅድ ነው ወይስ አይደለም» አንድ ጥያቄ ነው። «ምን ያህል ተጠብቆ ቆይቷል፣ ደረጃው ስንት ነው» ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል፣ ገንዘብም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው በሚዛን፣ በማጉያ መነጽርና ከታመነ ናሙና ጋር በማስተያየት ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ግን የሰው አስተያየት ነው። ሰውየው የቱንም ያህል ቢሠለጥን ያው አስተያየት ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሳሳት ማን ይከፍላል? ለእኔ ትልቁ መመዘኛ ይሄ ነው። «ኦርጅናል ነው» ማለት ቀላል ነው። «ካልሆነ ገንዘብህን እመልሳለሁ» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ መርማሪው ከሳንቲሙ ጥቅም አለው? ሊገዛችሁ የሚፈልግ ሰው ዋጋ ሲያጣጥል አትደነቁ። ሊሸጥላችሁ የሚፈልግ ደግሞ ሲያሞግስ አትደነቁ።

አራተኛ፣ ወጪው ከሳንቲሙ ዋጋ ጋር ይመጣጠናል? የ40 ዶላር ብር ለማስመርመር 80 ዶላር የሚያወጣ ሰው አለ። በጣም ብዙ ነው እንጂ።

አምስተኛ፣ ሳንቲሙ ሳይጫር፣ ሳይወለወል፣ መንገድ ላይ ሳይጠፋና ሕግ ሳይነካ ይመለሳል ወይ? አገር ቤት ላለ ሰው ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ሊብስ ይችላል።

ማርያ ቴሬዛ ላይ ትንሽ እንቆይ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጠይቀው ስለዚህች ብር ስለሆነ፣ መጀመሪያ እሷን እንጨርስ። ብሯ ላይ 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሯ በዚያው በ1780 ቁጥር መታተሟን ቀጠለች፣ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያና በእኛ አገር ያለው ነጋዴ ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበልም ስላለ። ገበያው ላይ የነበረው ሰው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ዘጠኙ ካልታዩት ይመልሳል።

ቪየና አተመቻት፣ ሚላኖና ቬኒስም አተሟት። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የማተም መብቱንና የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማተም ጀመረ። እንግሊዞች በ1936 ለንደን ላይ ጀመሩ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተከተሉ። ቪየና ዛሬም ታትማለች፣ አዲሱን ሄዳችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

እንግዲህ «ኦርጅናል ነው ወይ?» ሲባል ምን ማለት ነው? በ1780 የተመታ ማለት ከሆነ፣ እናንተ እጅ ያለው እንዲያ የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። በመንግሥት ማተሚያ በትክክለኛ ብር የተሠራ ማለት ከሆነ ግን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደረጃ ሰጪዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ እንደገና የታተመ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። የትኛው ከተማ እንደታተመ የሚለየው ከጌጡ ቅርጽ፣ ከንስሩ ጅራት ላባና ከመሳሰሉት ጥቃቅን ነገሮች ነው። አንዳንዱ ዓይነት ብርቅ ነው፣ አብዛኛው ግን ከብርነቱ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በሙሉ ክብደቷ 28.07 ግራም ናት፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ23.39 አባዙና መነሻችሁን ያዙ።

አማራጭ 1፦ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ

ሁሉም ሰው ከዚህ ይጀምር። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ)፣ ጠንካራ ማግኔትና አጉሊ መነጽር ነው።

ክብደቱን ያዙ። ማርያ ቴሬዛ 28.07፣ የምኒልክ አንድ ብርም ተቀራራቢ፣ 28.08 ገደማ ነው። ብዙ እጅ የነካው ብር ትንሽ ይቀንሳል፣ 27.7 ቢሆን አትደንግጡ። 24 ወይም 25 ከሆነ ግን ደንግጡ። ስፋታቸው ሁለቱም 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ማግኔት ላይ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ጨዋታው አለቀ። ባይለጠፍ ግን ምንም አላረጋገጣችሁም፤ መዳብም እርሳስም አይለጠፍም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉ የምወደው ነው። ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር እሰሩና ብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ አንድ ቁጥር ያሳያል። የሳንቲሙን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ደህና ማርያ ቴሬዛ 2.75 አካባቢ ታሳያለች፤ 28.07 ሲካፈል ለ2.75 ማለት 10.2 ነው፣ ለ833 ብር (ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ለሆነው) ትክክለኛው እሱ ነው። ሚዛኑ 3.2 ካሳየ ውጤቱ 8.8 ይሆናል፤ ይሄ የመዳብና የነሐስ ጎረቤት ነው፣ ላዩ ብቻ ብር ተቀብቷል ማለት ነው። የአየር ፊኛ ሳንቲሙ ላይ ከተጣበቀ ቁጥሩን ያበላሻል፣ በጣታችሁ አራግፉት። 900 ወርቅ ከሆነ ደግሞ 17 ከምናምን መምጣት አለበት።

ጠርዙን አትርሱ። የማርያ ቴሬዛ ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ ከነጌጡ ከፍ ብሎ ይዞራል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ እዚህ ላይ ይዋረዳል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች የተገጠሙበት መስመር በጠርዙ መሐል ይታያል። ሥዕልም ጽሑፍም በሌለበት ሜዳው ላይ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበዛሉ።

የምኒልክ ብር ላይ እኛ ፈረንጁ የሌለው ጥቅም አለን፤ ማንበብ እንችላለን። ፎርጅድ ሠሪው ፊደሉን እንደ ሥዕል ነው የሚገለብጠው። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ላይ የሠ እግር አጥሮ፣ የ«ነ» አንገት ተቆርጦ፣ የቁጥሩ የላይና የታች መስመር ጠፍቶ ስታዩ ዓይናችሁ ቶሎ ይነግራችኋል። ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱ የሚሉትን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ተመልከቱ። ፓሪስ ላይ የተመታው ሥራ ጥርት ያለ ነው፣ የአንበሳው ጎፈር እንኳ ፀጉሩ ይቆጠራል።

የዚህ አማራጭ ድክመት? በትክክለኛ ብር ተሠርቶ የተመታ ፎርጅድን አይዝም። ዓመቱ የተነካካ ሳንቲምንም አይዝም። በአክሱም ዘመን ሳንቲም ላይ ጭራሽ አትሞክሩት። ለደረጃም አይሆንም፤ የራሱን ዕቃ የሚያሳንስ ሰው የለም።

አማራጭ 2፦ ወርቅ ቤት

ፒያሳ የወርቅ ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ስለ ማዕድኑ ይነግሯችኋል። ስለ ሳንቲሙ ግን አይነግሯችሁም። እነሱ የሚያዩት ስንት ግራም፣ ስንት ካራት ነው። ይህን ካወቃችሁ ጥሩ አማራጭ ነው፣ ርካሽም ፈጣንም ነው።

አደጋው ሦስት ነው። ድንጋይና አሲዱ ሳንቲሙን ይጭረዋል፤ «ከጠርዙ ትንሽ ብቻ ነው» ቢሏችሁም እንዳትፈቅዱ። በኤክስሬይ የሚያነበው ማሽን አይጭርም፣ ግን የሚያየው ላዩን ስለሆነ ወፍራም ቅብ ያታልለዋል። በእኛው አገር የሆነውን አስታውሱ፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የጃንሆይ ክብ 25 ሳንቲም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመጠን ስለሚመሳሰል፣ ብር እየተቀባ እንደ 50 ይታለፍ ነበር። በኋላ ጠርዙ ሞገዳማ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው። ሦስተኛውና የባሰው አደጋ ደግሞ ቸርነታቸው ነው። «ላብራላችሁ?» ይላሉ። እምቢ በሉ! መቶ ዓመት የለበሰው ጥቁረት ለሰብሳቢ ዋጋ ነው። የተወለወለ ብር የትም ቢላክ ከፍ ያለ ደረጃ አያገኝም፣ ከጊዜ በኋላ ቢጠቁርም የድሮው መልክ አይመለስለትም።

አማራጭ 3፦ ነጋዴና ጨረታ ቤት

ጥሩ የሳንቲም ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ሕይወቱን ሙሉ ያየው እሱን ነው። ግን ሦስተኛውን መመዘኛ አስታውሱ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ልሸጥ አይደለም፣ ለምርመራ እከፍላለሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄዳችሁ ያንኑ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ሰው ዋጋ ለሁለተኛው እንዳትነግሩት።

ጨረታ ቤት ይለያል። እንደ ዳላሱ ሄሪቴጅ፣ እንደ ለንደኑ ስፒንክ፣ እንደ ጀርመኑ ኪውንከር ያሉት ባለሙያ አላቸው፤ ፎርጅድ ሸጠው ከተገኙ ስማቸው ስለሚጠፋ ይጠነቀቃሉ። ሳንቲሙ ውድ በሄደ ቁጥር ኮሚሽናቸው ስለሚጨምርም ጥቅማቸው ከሻጩ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ግን ከሻጩም ከገዢውም ይቆርጣሉ፣ በጥቅሉ ቀላል አይደለም። ለአንድ ተራ ማርያ ቴሬዛ ደግሞ በር አይከፍቱላችሁም። የምትልኩት ፎቶ ሁለቱም ፊትና ጠርዙ በቀን ብርሃን የተነሳ ይሁን። ሲያዩት ፍላጎት ካደረባቸው ራሱ አንድ መልስ ነው፣ ያውም በነፃ።

አማራጭ 4፦ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች

እዚህ ጋ ረዘም እላለሁ፣ ግራ መጋባቱ ያለው እዚህ ስለሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሙን ትልካላችሁ። ከአንድ በላይ ባለሙያዎች ያዩታል፣ የማን እንደሆነ አይነገራቸውም። ኦርጅናል ከሆነ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተከታታይ ቁጥር ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። ሰብሳቢዎች ስላብ የሚሉት ይሄንን ነው። የ70 መለኪያው ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 ለአሮጌ የአሜሪካ መዳብ ሳንቲሞች ካወጣው የመጣ ነው። 60ና ከዚያ በላይ ያለው ገበያ ውሎ የማያውቅ ሳንቲም ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ያገለገለ።

ዋናዎቹ አራት ናቸው። ኤኤንኤሲኤስ ከሁሉ ይቀድማል፤ የአሜሪካ የሳንቲም ማኅበር በ1972 ፎርጅድ ለመለየት ብቻ ነበር ያቋቋመው፣ ደረጃ መስጠት የመጣው በኋላ ነው። ፒሲጂኤስ በ1986 ሥራ ጀመረ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ኤንጂሲ በ1987 ተመሠረተ፣ አሁን ፍሎሪዳ ሳራሶታ ነው። አይሲጂ በ1998 መጣ። ለውጭ አገር ሳንቲሞች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ገበያው በብዛት የሚቀበለው ፒሲጂኤስንና ኤንጂሲን ነው። አውሮፓ ላላችሁ ፒሲጂኤስ ፓሪስ፣ ኤንጂሲ ሙኒክ ቢሮ ስላላቸው አሜሪካ ድረስ መላክ ላያስፈልግ ይችላል።

ታዲያ ይታመናሉ? በኦርጅናልነት ጥያቄ ላይ፣ አዎ፣ በጣም። ፎርጅድ ማሳለፍ ያሳፍራቸዋል ብቻ ሳይሆን ያስከፍላቸዋል። ሁለቱ ትልልቆቹ ዋስትና አላቸው፤ ያሸጉት ሳንቲም ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ ወይም ደረጃው ከሚገባው በላይ ከሆነ ልዩነቱን ይከፍላሉ። ጥቃቅን ጽሑፉን አንብቡ፣ የማይሸፈኑ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ የመዳብ ሳንቲም ቀለም ከጊዜ ጋር ቢቀየር አይሸፍኑም።

በደረጃ ጥያቄ ላይ ግን ረጋ በሉ። በ2003 ኮይን ወርልድ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ተመሳሳይ ሳንቲሞችን ለተለያዩ ደረጃ ሰጪዎች እያዞረ ልኮ ነበር። በአንዱም ሳንቲም ላይ ሁሉም አልተስማሙም፣ አንዳንዱ ላይ ልዩነቱ እስከ ሰባት ነጥብ ደረሰ። ከዚያ በፊት በ1990 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ፒሲጂኤስን «ደረጃ አሰጣጤ የማያዳላና የማይለዋወጥ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አጋነሃል ብሎ ከሶት፣ በስምምነት አልቋል። በ2007 ደግሞ ጆን አልባኒዝ፣ የኤንጂሲ መሥራች የነበረው ሰው፣ ሌሎች ያሸጉትን የአሜሪካ ሳንቲም እንደገና አይቶ «ይሄስ ለደረጃው ይገባዋል» እያለ አረንጓዴ ተለጣፊ የሚለጥፍ ድርጅት አቋቋመ። ደረጃ ሰጪውን የሚመዝን ሌላ ደረጃ ሰጪ ማለት ነው፤ ገበያውም ለተለጣፊው ተጨማሪ ይከፍላል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አትፈልጉ። ስላቡን ሰብረው ደጋግመው የሚልኩ ነጋዴዎችም አሉ፣ አንድ ቀን አንድ ነጥብ ከፍ ቢልላቸው ብለው።

ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ቁጥር የሌለው ስላብ ነው። ሳንቲሙ ኦርጅናል ሆኖ ከተወለወለ፣ ከተበሳ ወይም ከተጎዳ፣ በቁጥር ፈንታ «ዲቴይልስ» የሚል ተጽፎ ችግሩ ይጠቀሳል። የእናቶቻችን ማርያ ቴሬዛ አንገት ላይ የዋለች ናት። ተበስታለች፣ ወይም ቀለበት ተበይዶባት በኋላ ተነቅሏል። እንዲህ ያለውን ብትልኩ የሚመጣው መልስ ከአሁኑ ይታወቃል፣ ክፍያው ግን ያው ነው። ታሪኩን ለሚወድ ሰው የተበሳችው ልታምርበት ትችላለች፤ ፍሎሪዳ ያለው ሰውዬ ግን ለታሪኩ ነጥብ አይሰጥም።

ወጪው? ለአንድ ተራ የውጭ አገር ሳንቲም ክፍያው በጥቅሉ ከ20 እስከ 50 ዶላር ውስጥ ይወድቃል። በዚያ ላይ የአያያዝ ክፍያ፣ ኢንሹራንስና የመልስ ፖስታ አለ፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ በቀጥታ ለመላክ አባልነት ይጠይቃሉ። ብቻውን የተላከ አንድ ሳንቲም መቶ ዶላር ሊጠጋ ይችላል። ተሰባስቦ መላክ ወይም በአባል ነጋዴ በኩል ማስገባት ያዋጣል። ኤኤንኤሲኤስና አይሲጂ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳሉ፣ በዚያው ደረጃ ያሸጉት ሳንቲም ግን ሲሸጥም ይቀንሳል።

አማራጭ 5፦ የታሸገውን መግዛት

ገዢ ለሆነ ሰው ይሄ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ፤ ስላቡም ፎርጅድ ይደረጋል። ሁለቱ ትልልቆቹ ከ2008 ጀምሮ ከቻይና ስለመጡ የሐሰት ስላቦች ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። ሠሪዎቹ እውነተኛ ተከታታይ ቁጥር ገልብጠው ስለሚጠቀሙ፣ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ አስገብታችሁ «አለ» ቢላችሁም አልጨረሳችሁም። ፎቶው ካለ ፎቶውን አስተያዩ። ጭረቱ፣ ነጠብጣቡ፣ የጥቁረቱ አቀማመጥ አንድ መሆን አለበት። አዳዲሶቹ የፒሲጂኤስ ስላቦች ውስጥ በስልክ የሚነበብ ቺፕ አለ። ሻጩ «ድረ ገጹ ላይ ፎቶ የለውም፣ ድሮ የታሸገ ስለሆነ ነው» ካላችሁ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ከማታውቁት ሰው እንዲህ ያለውን አትግዙ።

ስማቸው የማይታወቅ «ደረጃ ሰጪዎች» ያሸጉትን ደግሞ እንዳልታሸገ ቁጠሩት። ፕላስቲክ ማንም ይገዛል።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ፎርጅድ ለመለየት | ደረጃ ለመወሰን | ቢሳሳት ማን ይከፍላል | የጥቅም ግጭት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በራስ ሚዛንና መነጽር | ተራውን ፎርጅድ ይይዛል | አይሆንም | እናንተው | የራስ ምኞት | የዕቃው ዋጋ ብቻ |
| ወርቅ ቤት | ማዕድኑን ብቻ | አይሆንም | ማንም አይከፍልም | ካልገዛ አነስተኛ | በጣም ትንሽ |
| የሳንቲም ነጋዴ | እንደ ሰውየው | ግምት | በጽሑፍ ካልሰጠ ማንም አይከፍልም | ከፍተኛ | ከነፃ እስከ መካከለኛ |
| ጨረታ ቤት | ጥሩ | ጥሩ ግምት | ቤቱ፣ እንደ ውሉ | መካከለኛ | ከሽያጩ ኮሚሽን |
| ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ | በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ግን ይለዋወጣል | ድርጅቱ፣ ከገደብ ጋር | አነስተኛ | ከሁሉ ውድ |
| ኤኤንኤሲኤስ፣ አይሲጂ | ጥሩ | ይለዋወጣል | ውሉን አንብቡ | አነስተኛ | መካከለኛ |

ለማን የቱ ይሻላል?

*አንድ ሁለት ማርያ ቴሬዛ ያለው፣ መሸጥም የማይፈልግ።* ሚዛንና ብርጭቆ ውሃ ይበቃችኋል። ቁጥሩ ከመጣ አስቀምጡት፣ አትወልውሉት፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥም አታቆዩት፤ ፕላስቲኩ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል።

*ብዙ ጠገራ ብር ወርሶ ለማካፈል የሚፈልግ።* መጀመሪያ መዝኑና የተበሳውን፣ የተበየደውንና የተወለወለውን ለዩ። እነሱ በብርነታቸው ዋጋ ይሄዳሉ። የቀሩትን ፎቶ አንስታችሁ ጠገራ ብር ለሚያውቅ ነጋዴ ላኩ። «እነዚህ ሁለቱ ይለያሉ» ካላችሁ ሁለቱን ብቻ አስመርምሩ። ሁሉንም በጅምላ ለደረጃ ሰጪ መላክ ለፖስታ ቤት ገንዘብ መለገስ ነው።

*ንጹሕ የምኒልክ ብር ያለው።* እዚህ ላይ ክፍያው ትርጉም አለው። ያልተነካ፣ ዝርዝሩ ሙሉ የሆነ የምኒልክ ብር ከተራው ጋር ሰፊ የዋጋ ልዩነት አለው፣ ቅጂውም በኢንተርኔት እንደ ጉድ ስለሚሸጥ ገዢው ማረጋገጫ ይፈልጋል። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያላችሁ ከፒሲጂኤስና ከኤንጂሲ አንዱን ምረጡ። የትኛው? በእኔ ግምት ለእኛ ሳንቲም ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ፖስታው የሚቀርባችሁን ያዙ።

*የጃንሆይ ወርቅ ያለው።* በ1958 ዓ.ም. የወጣው ባለ አምስት ሳንቲም የወርቅ ስብስብ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር ነው፤ ክብደታቸው በቅደም ተከተል 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም፣ ሁሉም 900 ወርቅ። ባለ 200ዋ ብቻ 72 ግራም ንጹሕ ወርቅ አላት። ወርቅ ቤት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚህ ሒሳብ በታች አትሽጡ። ሲመዘኑ ቁጥራቸው በጣም የተወሰነ ስለሆነ ራስን መመርመሩ ይሠራል፤ የውሃውን ምርመራም ጨምሩበት። ጥሩ ሁኔታ ላይ ካለ ደረጃ ማሰጠቱ ያዋጣል። በጣታችሁ ፊቱን እንዳትነኩት ብቻ፣ ሰሌዳው እንደ መስታወት ስለተሠራ የጣት አሻራ ይቀርበታል።

*አገር ቤት ያለና ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመር የሚፈልግ።* ከመላካችሁ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። «ሻንጣ ውስጥ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው» የሚል ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ቦሌ ላይ ከጎናችሁ አይቆምም።

*የአክሱም ሳንቲም ቀረበልኝ የሚል።* ከሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንዱቢስ ጀምሮ የተመታው የአክሱም ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በዓለም ገበያ ይሸጣል፣ ፎርጅዱም አብሮ ይሸጣል። ሚዛን ብዙ አይረዳችሁም፣ ጥንታዊ ሳንቲም በእጅ የተመታ ስለሆነ ክብደቱ ይለያያል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ኤንጂሲ ጥንታዊ ሳንቲሞችን ያሽጋል፣ ፎርጅድ የመሰለውንም አያሽግም፣ ግን ለዘመናዊው የሚሰጠው የኦርጅናልነት ዋስትና ለጥንታዊው አይሠራም። ስላቡ አንድ ነው፣ ከጀርባው ያለው ቃል ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በጥንታዊ ሳንቲም ላይ በተካነና ዋስትናውን በጽሑፍ በሚሰጥ ጨረታ ቤት በኩል ካልሆነ አትግዙ። ከየት እንደመጣ፣ መቼ ከአገር እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ በእጅ የሚቀርብላችሁ ከሆነ ወይ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ ሆኖ መግዛት የሌለባችሁ ነው። እውነተኛውን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም ግቡና የነገሥታቱን መልክ፣ የስንዴ ዘለላውንና የመስቀሉን አሠራር ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ትኬቱ ከሁሉም አማራጭ ርካሽ ነው።